ዛፍ ሳይቈርጥ ያነጸ ገበሬ፤ የአክሰል ኧርላንድሰን ታሪክ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ዛፉን ይቈርጣል። ታሪኩን የምንጽፍለት ሰው ግን ዛፉን ከነሕይወቱ በርና ዓምድ አደረገው።

አክሰል ኧርላንድሰን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1884 ዓ.ም. በስዊድን አገር ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1902 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሂልማር በምትባል መንደር ሰፈሩ። ትምህርቱ ጥቂት ነበረ፤ ጥራጥሬ እየዘራ ይኖር ነበር።

አንድ ቀን በእርሻው አጥር ላይ ሁለት ዛፎች ተጋጥመው አንድ ሆነው አየ። ይህ የሚሆነው ቅርንጫፎች ሲተሻሹ ልጣቸው ተልጦ፣ ከሥሩ ያለው ሕያው ሽፋን ሲገናኝ ነው። ሌላው አይቶ የሚያልፈውን እርሱ ያዘው። ከ1925 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሐሳቡን በወረቀት እየነደፈ ችግኝ ይተክል፣ ያጐብጥ፣ ያስር፣ ይገጥም ጀመር፤ ከዚያም ዓመታት ይጠብቅ ነበር። አራት ችግኞችን በአራት ማዕዘን ተክሎ ከላይ አንድ ግንድ አደረጋቸው። ስድስቱን ደግሞ በክብ ተክሎ እንደ ቅርጫት ጠለፋቸው። እነዚህ ሲካሞር የሚባሉት ናቸው፤ ስሙ ሾላን ቢያስታውስም ዘሩ ሌላ ነው።

በአውሮጳ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው አኻያ ነው፤ በትሩ ተቈርጦ ቢተከል ይጸድቃልና። በጀርመን አገር በአውርሽቴት በ1998 ዓ.ም. ከሕያው አኻያ ታላቅ አዳራሽ ተተክሏል። ኧርላንድሰን ግን ብቻውን ነበረ።

ሚስቱና ልጁ በሳንታ ክሩዝ አካባቢ ሰው እንግዳ ነገር ለማየት ገንዘብ ሲከፍል አይተው ነገሩት። እርሱም በስኮትስ ቫሊ መሬት ገዝቶ ምርጥ ዛፎቹን ነቅሎ ወሰደና በ1947 ዓ.ም. የዛፍ ሰርከስ ብሎ ከፈተ። ገቢው ጥቂት ነበረ። ጐብኚዎች ምሥጢሩን ሲጠይቁት ከዛፎቹ ጋር እንደሚነጋገር ይመልስላቸው ነበር። ቀልዱ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን አንድ ደቀ መዝሙር እንኳ ሳያሠለጥን መቅረቱን እኛ ተማሪዎች ልንወድለት አልቻልንም። ቦታውን በ1963 ዓ.ም. ሸጠ፤ በ1964 ዓ.ም. አረፈ።

ከእርሱ በኋላ ብዙዎቹ ዛፎች ተንከባካቢ አጥተው ደረቁ። በ1985 ዓ.ም. ማይክል ቦንፋንቴ የተባለ ሰው የተረፉትን ገዝቶ ወደ ጊልሮይ ከተማ አዛወራቸው። ከደረቁት አንዱ፣ እንደ ስልክ ቤት ሆኖ ያደገው፣ በባልቲሞር ቤተ መዘክር ቆሟል፤ ቅርጫቱ ግን በጊልሮይ እንደ ተተከለ አለ።