ከሐረር እስከ ሆዋርድ፤ የዶክተር መላኩ በያን የሕይወት ታሪክ

ባሕር ማዶ ሄዶ መማር የብዙ ተማሪ ምኞት ነው። በግቢያችን ሁለት ሦስት ተማሪዎች በተሰበሰቡበት ስፍራ፣ ወሬው ከፈተናና ከምግብ ቤት አልፎ ሲሄድ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው። ማን ስኮላርሺፕ አገኘ፤ ማን ቪዛ ተከለከለ፤ ማን ሄዶ ቀረ፤ ማንስ ተመለሰ እየተባለ ይወራል። ይሁን እንጂ በውጭ አገር የሚማር ሰው በየዕለቱ የሚገጥመው ኑሮ ምን ዓይነት ሰው ያደርገዋል? ከተማረስ በኋላ ትምህርቱ የማን ነው? የሚለው ጥያቄ ብዙም አይነሣም። ለዚህ ጥያቄ በንግግር ሳይሆን በኑሯቸው መልስ ከሰጡት ቀደምት ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች አንዱ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው። ስለዚህ የእርሳቸውን ታሪክ ባጭሩ ለጓደኞቼ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታየኝ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሰው ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

መላኩ በያን በ1900 በወሎ ተወለዱ። ያደጉት ግን በሐረር ነው። ቤተ ዘመዶቻቸው ከልዑል ራስ መኰንን ቤት ጋር ዝምድና ስለ ነበራቸው፣ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በኋላ አልጋ ወራሽ፣ ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥት በሆኑት በተፈሪ መኰንን አካባቢ ነበር። የዚያ ዘመን ሐረር ከሌላው የኢትዮጵያ ከተማ ይልቅ ለውጭው ዓለም የቀረበች ነበረች። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ነበርና የውጭ ነጋዴው፣ ሐኪሙ፣ ሚሲዮናዊውና መልእክተኛው ሁሉ የሚገባውም የሚወጣውም በዚያው መሥመር ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ ቅርብ የሆነችው የሽንሌ ጣቢያም፣ አገር ጥለው ለትምህርት የሚሄዱት ወጣቶች ደጋውን ከኋላቸው ትተው የሜዳውን ሙቀት የሚጀምሩባት ስፍራ ነበረች። በእኛ በኩል ያለው ሕዝብ የባቡሩን ጢስ እንጂ በውስጡ ያለውን ተሳፋሪ አሳብ አያውቅም ነበር። ነገር ግን የኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ አንዱ ክፍል ያለፈው በዚህ በሽንሌ ሜዳ መሆኑን ብናስታውስ መልካም ነው።

በ1921 መላኩ ከሌሎች ወጣቶች ጋር ለትምህርት ወደ ሕንድ አገር ተላኩ። ሕንድ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። ከነጻ አገር የመጣ ወጣት፣ የአገሩ ባለቤት የሆነ ሕዝብ በገዛ ምድሩ ላይ እንደ እንግዳ ሲታይ ማየት አይዋጥለትም። መላኩም በዚያ መቆየትን አልወደዱም። ስለዚህ ፈቃድ ጠይቀው ወደ አሜሪካ እንዲሄዱ ተደረገ። በ1922 አሜሪካ ሲደርሱ ከጓደኞቻቸው መካከል አንዱ በሻህውረድ ሀብተ ወልድ ነበሩ። እኒህ ሰው ትምህርታቸውን ፈጽመው ከተመለሱ በኋላ በ1937 ፋሺስቶች ከገደሏቸው የኢትዮጵያ ምሁራን ጋር ተቈጥረዋል።

ወጣቶቹ የገቡበት ትምህርት ቤት በኦሃዮ ክፍለ አገር፣ ኒው ኮንኮርድ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው መስኪንገም ኰሌጅ ነው። ኰሌጁ በኢትዮጵያ ሚሲዮንና ሐኪም ቤት የነበራት የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ስለ ነበረ፣ ኢትዮጵያውያን ወደዚያ መሄዳቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የዚያን ጊዜውን የተማሪ ኑሮ ከዛሬው ጋር ስናስተያየው ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ዛሬ ውጭ አገር ያለ ተማሪ በየማታው የእናቱን ፊት በስልክ ያያል። ያን ጊዜ ግን ደብዳቤው ከአሜሪካ በመርከብ ተነሥቶ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ በሜዲቴራኒያንና በቀይ ባሕር አልፎ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያም በባቡር እስከ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይጓዛል፤ ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና። ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ወራት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ተማሪው ሲቸገር ምክር የሚጠይቀው ከራሱ ነው። በትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ እንጀራ የሚጋግር፣ ጾምና በዓል አብሮ የሚቈጥር፣ በአማርኛ የሚያጫውት ሰው የለም። ትምህርቱም ከምግቡና ከብርዱ አይተናነስም፤ ሌላው ተማሪ ከእናቱ የሰማውን ቋንቋ ኢትዮጵያዊው ተማሪ እያንዳንዱን ቃል እየፈተሸ ማንበብ አለበት። በዚህ ሁሉ ላይ የቀለም ልዩነት ሲጨመር የኑሮው ክብደት ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ሁለት በር ይከፈትለት ነበር። አንደኛው በር፣ እናንተ ኢትዮጵያውያን ከሌላው ጥቁር ሕዝብ የተለያችሁ፣ የቀደመ መንግሥትና ሃይማኖት ያላችሁ ናችሁ እየተባለ፣ በእንግድነት ክብር ከነጮቹ ጋር የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው በር ደግሞ የባርያ ልጆች ተብለው ከተናቁት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር የሚያስቀምጥ ነው። በፊተኛው በር መግባት ለዕለት ኑሮ ይቀላል፤ ምግብ ቤቱም፣ ቲያትሩም፣ ሆቴሉም ይከፈታል። ያውም ሁልጊዜ አይደለም፤ ቀለሙን ብቻ አይቶ አገሩን ሳይጠይቅ የሚያባርር በር ጠባቂ ሞልቶ ነበርና። መላኩ በያን አስቀድመው ያዩት የፊተኛውን በር ነው። የመረጡት ግን ሁለተኛውን ሆነ።

በ1928 ከመስኪንገም ከተመረቁና በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ጊዜ ከተማሩ በኋላ፣ ሕክምና ለመማር የገቡት በዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው ሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሆዋርድ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካለቀ በኋላ በ1867 የተቋቋመ፣ ከባርነት ለወጡት ሰዎችና ለልጆቻቸው ከፍተኛ ትምህርት የሰጠ ስመ ጥር ትምህርት ቤት ነው። መላኩ ወደዚህ ሲገቡ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት ሞርዴካይ ጆንሰን በመሪነት ላይ ነበሩ። የሕክምና ተማሪዎቹ ሥራ የሚለማመዱት በአጠገቡ ባለው፣ ስሙም የነጻ ወጪዎች ሐኪም ቤት በሚባለው ሆስፒታል ነበር። ዋሽንግተን የነጻነት አገር ዋና ከተማ ትባል እንጂ በመሐል ከተማው ያሉት ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና ቲያትሮች አብዛኞቹ ጥቁር ሰው አያስገቡም ነበር። እንግዲህ የሆዋርድ ተማሪ ጧት የሰውን አካል ተምሮ፣ ከሰዓት በኋላ በሽተኛ አስተናግዶ፣ ማታ ወደ ከተማ ሲወጣ ሰው መሆኑ የሚካድበት ተማሪ ነበር። በዚያ ላይ በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ውድቀት መጣና የጓደኞቻቸው ኑሮ እጅግ ጠበበ።

መላኩ ትምህርታቸውን የተማሩት በክፍል ውስጥ ብቻ አልነበረም። በሆዋርድ ዊልያም ሊዮ ሃንስበሪ የሚባል ሊቅ ነበር። ሌሎች ሊቃውንት አፍሪካ ታሪክ የላትም በሚሉበት ዘመን የጥንቱን የአፍሪካ ታሪክ፣ ከዚያም ውስጥ የኢትዮጵያን ታሪክ ያስተምር ነበር። ኢትዮጵያዊው ተማሪ የአገሩን ታሪክ ዋጋ ከጥቁር አሜሪካዊ መምህር አፍ ሰማ። ጥቁር አሜሪካውያኑ ተማሪዎች ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ስሟን የሚያውቋትን ኢትዮጵያ በአንድ ጓደኛቸው መልክ አይዋት። በ1934 መላኩ፣ ሃንስበሪና ሌሎች ተባብረው የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

በጋብቻም ነገር የሄዱበት መንገድ ያንኑ አሳባቸውን የሚያሳይ ነው። በአገር ቤት ለብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ታጭተው ነበር። እጮኝነቱን አፍርሰው ዶሮቲ ሃድሌ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት በ1931 አገቡ፤ አንድ ወንድ ልጅም ወለዱ። የትልቅ ሰው ልጅ ትቶ የባሕር ማዶ ሴት ማግባት በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ይህንን ስናነብ ለታጨችው ልጅና ለቤተ ሰቧ የቀረውን ኀዘን መርሳት አይገባንም። መላኩ ግን፣ ጥቁር አሜሪካውያንን ወንድሞቼ ናቸው የሚል ሰው ለጋብቻ ሊጠየፋቸው እንደማይችል በሥራ ለማሳየት የፈለጉ ይመስላል።

በ1935 የሕክምና ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። ከአሜሪካ በሕክምና ዶክተርነት የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ናቸው። በዚያው ዓመት ኢጣሊያ ልትወረን ስትዘጋጅ፣ እርሳቸው ሙያ ያላቸውን ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ አገልግሎት ያግባቡ ነበር። በኋላ የኢትዮጵያን አየር ኃይል የመራው የቺካጎው አብራሪ ጆን ሮቢንሰን የመጣው በዚሁ ግንኙነት ነው። ከዚያም ዶክተር መላኩ ሚስታቸውንና ልጃቸውን ይዘው፣ ከ13 ዓመት የባሕር ማዶ ተማሪነት በኋላ አገራቸው ገቡ።

አገራቸው ገብተው ግን የተረጋጋ ሐኪም ቤት አላገኙም። በኦክቶበር 1935 ጦርነቱ ተጀመረ። ዶክተር መላኩ ሮበርት ሆክማን ከተባለው አሜሪካዊ ሐኪም ጋር በኦጋዴን ግንባር ቍስለኞችን አከሙ። የግንባሩ መንገድ ከሐረር በጅጅጋ አልፎ ወደ ደጋሐቡር የሚወርደው ነው። ግራዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ጎራሄን ሲከላከሉ ወድቀው የሞቱት በዚያው በኖቬምበር ነው። ከጎራሄ በኩል የሚመጣው ቍስለኛ ጥላና ውሃ በሌለበት ሜዳ አቋርጦ ሐኪሞቹ ዘንድ ይደርሳል። ከላይም አውሮፕላን ቦምብ ይጥላል። በ1935 መጨረሻ ሆክማን ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ሲያመክን ፈንድቶበት በደጋሐቡር ሞተ። የሰው አገር ሰው ለእኛ ሲል የሞተበት ይህ ስፍራ ከጅጅጋ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም፤ ከእኛ መካከል ስሙን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው?

ከዚያ በኋላ ዶክተር መላኩ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪምና አስተርጓሚ ሆነው አገለገሉ፤ በሜይ 1936 አገር ስትያዝም ተሰደዱ። በሴፕቴምበር 1936 የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ ሆነው ኒው ዮርክ ሲደርሱ አንድ ሆቴል በቀለማቸው ምክንያት አላስገባም አላቸው። በሃርለም የሚኖረው ሕዝብ ግን በእልልታ ተቀበላቸው። በተማሪነታቸው ጊዜ የመረጡት ሁለተኛው በር እነሆ በዚህ ጊዜ ለአገራቸው ተከፈተ። በየስፍራው ተበታትኖ የነበረውን የኢትዮጵያ ወዳጅ በአንድ ለማሰባሰብ በኦገስት 25 ቀን 1937 የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የኢትዮጵያ ድምፅ የሚባል ጋዜጣም አወጡ። ጋዜጣው ለስደተኞች ርዳታ መሰብሰብ ብቻ ሳይሆን፣ ጥቁር ሕዝብ ኔግሮ የሚለውን የባርነት ስም ጥሎ በራሱ እንዲኮራ ያስተምር ነበር። የፌዴሬሽኑ ቅርንጫፎች በብዙ የአሜሪካ ከተሞችና እስከ ጃማይካ ድረስ ተከፈቱ። ከነጻነት በኋላም በሻሸመኔ መሬት የተሰጠው ለዚሁ ማኅበር ሰዎች ነው።

ዶክተር መላኩ ግን ያንን ሁሉ ለማየት አልታደሉም። በሥራ ብዛት የደከመው አካላቸው በሳንባ ምች ተመታና በሜይ 4 ቀን 1940 በኒው ዮርክ፣ ገና በ40 ዓመታቸው ዐረፉ። ከአንድ ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ፣ በሜይ 5 ቀን 1941 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ።

እንግዲህ ሒሳቡን እንመልከት። 13 ዓመት ተማሩ፤ በአገራቸው ምድር ሐኪም ሆነው የሠሩት ግን አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። አንድ ሰው ይህ ሁሉ ድካምና ወጪ ከንቱ ሆነ ሊል ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት ግን እንዲህ ማለት ትምህርትን በዲግሪ ወረቀት ብቻ መለካት ነው። ዶክተር መላኩ በባሕር ማዶ ሁለት ትምህርት ተማሩ። አንደኛው በክፍል ውስጥ የተማሩት ሕክምና ነው፤ እርሱም በኦጋዴን ሜዳ ለጥቂት ወራት ቍስለኛ አዳነበት። ሁለተኛው ዕለት ዕለት አብረው ከበሉ፣ አብረው ከተናቁና አብረው ካነበቡ ሰዎች የተማሩት ነው። አገራቸው ጦር አልቆባት፣ ወዳጅ መንግሥታትም ፊታቸውን ባዞሩባት ጊዜ ወዳጅ ያገኘላት ይህ ሁለተኛው ትምህርት ነው። ይህንን ማንም ፈተና አልፈተናቸውም፤ ማንም ማዕረግ አልሰጣቸውም።

ስለዚህ ነገ ከመካከላችን ዕድሉ የሚደርሰው ወንድም ወይም እኅት ቢኖር፣ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ ይህንን የሕይወት ታሪክ ያስታውስ። በሄድንበት አገር የሚከፈትልን በር ብዙ ይሆናል፤ የሚያመቸውን ብቻ መርጦ መግባት ቀላል ነው። ማንኛው በር ግን መልሶ ወደ አገራችን ሕዝብ እንደሚያደርሰን አስቀድሞ ማሰብ የተማሪ ሁሉ ግዴታ ነው። እዚሁ የምንቀረውም ብንሆን ከዚህ ግዴታ ነጻ አይደለንም። በአንድ ግቢ፣ በአንድ መኝታ ክፍል ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አፋሩና ሌላውም አብሮን ያድራል። መላኩ በያን ውቅያኖስ ተሻግረው የፈለጉትን ወንድም እኛ ግድግዳ ሳንሻገር እናገኘዋለን። እርሱን ሳናውቅ አራት ዓመት ጨርሰን ብንመረቅ ወረቀቱን ይዘን ትምህርቱን ጥለን ወጣን ማለት ነው።