ግሌን ጉልድ፦ ከፒያኖው ጋር ያንጎራጎረው ሰው

የግሌን ጉልድን ሸክላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያዳምጥ ሰው ብዙም ሳይቆይ ዞር ብሎ ክፍሉን ይቃኛል። ከፒያኖው ጀርባ አንድ ወንድ በለሆሳስ ያንጎራጉራል፤ አልፎ አልፎም ያረጀ እንጨት ሲጥ ይላል። በዲስከቨሪ ጋርደንስ ከሚገኙት የመኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከሥራ መልስ በስልኩ ሙዚቃ የሚከፍት ነዋሪ ድምፁ የጎረቤት ወይም የአየር ማቀዝቀዣው ሊመስለው ይችላል። እንጉርጉሮው ግን የራሱ የፒያኖ ተጫዋቹ ነው፤ ሲጥ የሚለውም የተቀመጠበት ወንበር ነው።

ጉልድ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1932 በካናዳ ቶሮንቶ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፀጉራም ቆዳ ነጋዴ ሲሆን እናቱ ፍሎረንስ የፒያኖና የድምፅ መምህርት ነበረች። የመጀመሪያዋ አስተማሪው እርሷ ናት፤ የሚጫወተውን ሁሉ በአፉ ጭምር እያዜመ እንዲለማመድ አድርጋዋለች። ኋላ ላይ የድምፅ ባለሙያዎችን እንቅልፍ የነሳው ልማድ ሥሩ እዚህ ነው። ከ1943 እስከ 1952 ያስተማረው የቺሊ ተወላጁ አልቤርቶ ጌሬሮም ዝቅ ብሎ መቀመጥንና ክንድን ሳያወራጩ በጣት ብቻ መጫወትን አስለመደው።

ከልጅነቱ ታሪኮች ሁሉ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ግን ከሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጣ አይደለም። አንድ ቀን ጉልድ የሞዛርትን ፉጋ ሲለማመድ የቤቱ ሠራተኛ የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኗን ከፒያኖው አጠገብ አስነሳች። ማሽኑ ሲያጓራ ጉልድ የራሱን ጨዋታ በከፊል ብቻ፣ ለስለስ ያለውን ክፍል ደግሞ ጨርሶ መስማት አቃተው። ጣቶቹ ግን ቁልፎቹን ይዳስሱ ነበር፤ ጆሮው ያጣውን ዜማ ሐሳቡ ሞላው። ማሽኑ ሲጠፋ የሰማው እውነተኛ ድምፅ በሐሳቡ ከሰማው ያነሰ ሆኖ አገኘው። ከዚያ በኋላ አስቸጋሪ ድርሰት በፍጥነት ማጥናት ሲኖርበት ሆን ብሎ ራዲዮና ቴሌቪዥን በፒያኖው አጠገብ ከፍቶ ይለማመድ ጀመር። ያቺ ሠራተኛ ሥራዋን ስትሠራ በሃያኛው ክፍለ ዘመን ስመ ጥር ከሆኑት የፒያኖ ተጫዋቾች አንዱን ትልቅ ትምህርት ማስተማሯን የምታውቅ አይመስልም።

ወንበሩን የሠራለት አባቱ ነው። በ1953 አንድ ተራ ተጣጣፊ ወንበር ወስዶ እግሮቹን ቆረጠና መቀመጫው ከወለሉ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ እንዲል አደረገው። ጉልድ እስከ ዕለተ ሞቱ ሌላ ወንበር አልፈለገም። በሄደበት አገር ሁሉ ይዞት ዞረ፤ ትራሱ ተበልቶ አልቆ እንጨቱ ብቻ ሲቀርም በዚያው ላይ ተቀመጠ። በተወዛወዘ ቁጥር ሲጥ የሚለው ይኸው ወንበር ነው።

በጃንዋሪ 1955 ኒው ዮርክ ውስጥ ባቀረበው ዝግጅት ማግስት ኮሎምቢያ የተሰኘው የሸክላ ኩባንያ ውል አቀረበለት። በዚያው ዓመት ጁን ወር፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ ስቱዲዮ ውስጥ የዮሃን ሰባስቲያን ባኽን «የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች» ቀረጸ። በሞቃት ወቅት ካፖርትና የአንገት ልብስ ለብሶ መጣ፤ ከመጫወቱ በፊት እጆቹን በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፍ ነበር። በ1956 የወጣው ሸክላ የሃያ ሦስት ዓመቱን ወጣት ዝነኛ አደረገው። እንጉርጉሮውም አብሮ ወጣ።

ባለሙያዎቹ ድምፁን ለመቀነስ ያልሞከሩት ዘዴ የለም ለማለት ይቻላል። ጉልድ ራሱ በቀልድ የጋዝ ጭምብል አጥልቆ ለመቀረጽ ሐሳብ አቅርቧል። ጉዳዩ ግን ከቀልድ ያለፈ ነበር፤ እንጉርጉሮው እንደሚያሳፍረው ሳይደብቅ፣ ቢተወው ጨዋታው እንደሚበላሽ በግልጽ ይናገር ነበር። ኩባንያው የነበረው ምርጫ እንግዲህ ሁለት ነው፦ ንጹሕ ሆኖ የደከመ ቅጂ፣ ወይም ጉርምርምታ ያለበት ሕያው ቅጂ። ሁለተኛውን መረጠ።

ፒያኖውም የራሱ ችግር ነበረው። ጉልድ ሲ.ዲ. 318 የተባለውን ስታይንዌይ ፒያኖ እጅግ ይወድ ነበር፤ ቁልፎቹ እንዲቀሉለትም በተደጋጋሚ አስነካካው። በዚህ የተነሣ ባኽን በቀረጸበት የ1964 ሸክላ ላይ መዶሻው ገመዱን አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ይመታዋል፤ ፒያኖው ስቅ የሚለው ይመስላል። ጉልድ ጉድለቱን አልሸሸገም፤ በሸክላው ሽፋን ላይ ስለ ስቅታው ጽፎ ለአድማጭ አስታወቀ፣ የቀረውን ድምፅ ስለወደደውም እንዳለ ተወው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል 10 ቀን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከተጫወተ በኋላ ዳግም መድረክ ላይ አልወጣም፤ ገና 31 ዓመቱ ነበር። ሕዝብ የተሰበሰበበት አዳራሽ አስጨናቂው ነበር፤ ደጋግሞ መቅዳትና ቆርጦ መቀጠል የሚቻልበትን ስቱዲዮ መረጠ። ከታዳሚ ሳልና ጫጫታ ሸሽቶ የራሱን ድምፅ ይዞ ስቱዲዮ መግባቱ ፈገግ ያሰኛል። በ1967 ለካናዳ ራዲዮ ባዘጋጀው «የሰሜን ሐሳብ» የተሰኘ ዝግጅት ደግሞ የአምስት ሰዎችን ንግግር እርስ በርስ አደራርቦ፣ ከሥሩ የባቡር ጉዞ ድምፅ ዘረጋበት። ሌላው ሰው ጫጫታ የሚለውን እርሱ እንደ ዜማ ያቀናብረው ነበር።

ይህ ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ባዕድ ነገር አይደለም። በ2023 ያረፉት እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሳሉ በካሴት የቀዷቸው መዝሙሮች ከሞቱ በኋላ በሸክላ ሲታተሙ፣ በመስኮት የሚገባው የወፎች ድምፅ አልተነቀለም። አዳማጩ ፒያኖውን ብቻ ሳይሆን ቤቱንም ይሰማል።

ጉልድ «የጎልድበርግ ቫሪዬሽኖች»ን በ1981 በዚያው የኒው ዮርክ ስቱዲዮ እንደገና ቀረጸ። የመጀመሪያው 38 ደቂቃ ገደማ ሲፈጅ ይህኛው 51 ደቂቃ ወሰደ፤ እርጋታው ጨምሯል፣ እንጉርጉሮውም እንዳለ ነው። ሸክላው በወጣ ሰሞን፣ ሃምሳኛ ዓመቱን ካከበረ ከሁለት ቀን በኋላ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ወደቀ፤ ኦክቶበር 4 ቀን 1982 አረፈ። በቶሮንቶ በሚገኘው መቃብሩ ድንጋይ ላይ የዚሁ ድርሰት የመጀመሪያ ኖታዎች ተቀርጸዋል። ወንበሩ በካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ንብረትነት ተጠብቋል።

በ2006 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ የ1955ቱን ቅጂ በኮምፒውተር መረመረ። እያንዳንዱ ቁልፍ መቼና በምን ያህል ኃይል እንደተነካ ተለክቶ፣ በራሱ የሚንቀሳቀስ ፒያኖ ቶሮንቶ ውስጥ ጨዋታውን ደገመው። ወንበር አልነበረም፤ ያንጎራጎረም የለም። አዲሱ ቅጂ በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ገሚሱ አድማጭ በጥራቱ ተደሰተ፤ ገሚሱ ደግሞ ወደ አሮጌው ሸክላ ተመለሰ።