ያለ ዲፕሎማ የተማረው ፐርሲ ስፔንሰር

ትምህርት በክፍል ግድግዳ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አለመሆኑን ከሚያስረዱት የሕይወት ታሪኮች አንዱ የአሜሪካዊው የፐርሲ ስፔንሰር ታሪክ ነው።

ስፔንሰር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም. በሜን ግዛት፣ ሃውላንድ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አባቱ ሞተ፤ እናቱም ትታው ስለ ሄደች ያሳደጉት አክስቱና ባሏ ናቸው። ሰባት ዓመት ሲሆነው የአክስቱም ባል ሞተ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነ።

በ1912 ታይታኒክ የተባለችው መርከብ ስትሰጥም የሬዲዮ ሠራተኞቿ ያሳዩት ትጋት ልቡን ስለ ነካው ወደ ባሕር ኃይል ገባ። በዚያም ሌሊት ዘብ ሲቆም መጻሕፍት እየገለጠ ሒሳብን፣ ፊዚክስንና ኬሚስትሪን በገዛ ራሱ ተማረ።

ሬይቲዮን በተባለው ኩባንያ ሲሠራ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በ1940 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ራንዳልና ቡት አዲስ ዓይነት ማግኔትሮን ሠርተው ነበር። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ከጋለ ብረት የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በማግኔት ኃይል ይሽከረከራሉ፤ በመዳቡ ውስጥ በተፈለፈሉት ጕድጓዶች አፍ ሲያልፉም፣ በዋሽንት አፍ ላይ የሚነፋ ትንፋሽ ድምፅ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ ብርቱ የማይክሮዌቭ ሞገድ ያወጣሉ። የጦርነቱ ራዳር የጠላትን አውሮፕላን ከሩቅ የሚያየው በዚህ ሞገድ ነበር። ነገር ግን መሣሪያውን ከድፍን መዳብ መፈልፈል ብዙ ጊዜ ይፈጅ ነበር። ስፔንሰር ስስ የመዳብ ሰሌዳዎችን በመኪና እየቈረጡ፣ ደራርቦ በእሳት ማጣበቅን አሰበ፤ ኩባንያውም በቀን እስከ 2,600 ማግኔትሮን ለመሥራት ቻለ።

አንድ ቀን በሥራ ላይ ካለ ማግኔትሮን አጠገብ ቆሞ ሳለ በኪሱ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠ። ሙቀቱን ሌሎችም አስተውለውት ነበር፤ እርሱ ግን ምክንያቱን ሊመረምር ተነሣ፤ በቆሎም አምጥቶ ፈንዲሻ አደረገው። በ1945 ስለዚህ ማብሰያ የባለቤትነት መብት ጠየቀ። በ1947 የወጣው የመጀመሪያው ምድጃ የሰው ቁመት ያህል ሲሆን 340 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። ስፔንሰር በ1970 ከመሞቱ በፊት የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል።

ይህን ታሪክ ለዕጩ መምህራን ስነግራቸው አንዳንዶቹ፣ እንግዲያስ ትምህርት ቤት ለምን ያስፈልጋል ይሉኛል። ስፔንሰር ግን ትምህርት ቤት ከመውጣቱ በፊት ማንበብን ያስተማረው መምህር ነበረው፤ የዚያም መምህር ድካም ነው በሌሊቱ ዘብ ላይ ያፈራው። ከደጃችን ቀድሞ የሚወጣው ልጅ ወዴት እንደሚደርስ አናውቅም። ስለዚህ ማንበብንና ምክንያትን መጠየቅን ይዞ እንዲወጣ ማድረግ የማይቀርልን ዕዳችን ነው።