ሰር ዊልያም ሃርዲና የስስ ቅባት ምስጢር

በመርካቶ፣ በሶማሌ ተራ አካባቢ የናፍጣ ፖምፓ ሲፈታ ቆሞ የተመለከተ ባልደረባ፣ የተፋቀውን ብረት በጣቱ እየዳሰሰ ነዳጁ ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል ብሎ የሚፈርድ መካኒክ ሳያጋጥመው አይቀርም። ፍርዱ መሠረት አለው። የፖምፓውን ውስጣዊ ክፍል የሚያለሰልሰው ራሱ ነዳጁ ነውና፣ ነዳጁ የማለስለስ ኃይሉን ሲያጣ ብረት ብረትን ይበላል። በአውሮፕላን ሞተርም ነገሩ ይኸው ነው፤ በሰማይ ላይ ግን ጋራዥ የለም።

የዚህን ጉዳይ ፈር የቀደዱት ሰር ዊልያም ቤይት ሃርዲ መሐንዲስ አልነበሩም። በ1864 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም አጠገብ በኤርዲንግተን ተወልደው በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት ሊቅ ሆኑ። ከ1917 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሥጋ፣ ዓሣና ፍራፍሬ ሳይበላሽ የሚቆይበትን የመንግሥት ምርምር በዳይሬክተርነት መርተዋል። የሰበቃን ጥናት ያካሄዱት በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል ነው፤ ጊዜ አጣን ለምንል ለእኛ ይህ ጥቂት ያሳፍራል።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1886 ባወጡት ንድፈ ሐሳብ ዋናው ነገር የዘይቱ ዝልግልግነት ነበር። ሃርዲ የጠየቁት ግን ዘይቱ ተጨምቆ ወጥቶ በብረቶቹ መካከል እጅግ ስስ ሽፋን ብቻ ሲቀር ምን እንደሚሆን ነው። ከአይዳ ደብልዴይ ጋር በ1922 ባወጡት ጥናት፣ ክብ ገጽ ያላትን ተንሸራታች በጠፍጣፋ ሳህን ላይ አሳርፈው ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገውን ኃይል ለኩ። የሞለኪውሉ ሰንሰለት በረዘመ መጠን ሰበቃው ቀነሰ። ይበልጥ የሚያስደንቀው፣ ሰንሰለታቸው ተመሳሳይ ከሆነው መካከል ፓራፊን ደካማ፣ አልኮል የተሻለ፣ የስብ አሲድ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ሆኖ መገኘቱ ነው። አሲዱ በአንድ ጫፉ ብረቱን ይጨብጣል፤ ፓራፊን የሚጨብጥበት እጅ የለውም።

ሃርዲ በጥር 1934 ሲያርፉ የመጀመሪያው የጄት አውሮፕላን ሊበር ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። በፊሸርና ትሮፕሽ ዘዴ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራው የጄት ነዳጅ፣ በ2009 ከተለመደው ነዳጅ ጋር እስከ 50 በመቶ እንዲደባለቅ በአሜሪካው የኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. ደረጃ ተፈቀደ። ይህ ነዳጅ ድኝ የለበትም፤ በአመዛኙ ጥርት ያለ ፓራፊን ነው፤ ብረት የሚጨብጡት ጥቃቅን ውሑዶችም ከድኙ ጋር አብረው ጠፍተዋል። ከሚሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የስብ አሲድ ዝርያ ሲጨመርበት ግን የማለስለስ ኃይሉ ይመለሳል። ለመፈተኛውም የሃርዲን ተንሸራታች የምታስታውስ የብረት ኳስ በሚሽከረከር ሲሊንደር ላይ ትታሻለች፤ በኳሷ ላይ የሚቀረው ጠባሳ ከ0.85 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።