ማርቲ ማን፦ ሕመሟን ከመደበቅ የወጣች ሴት

በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የመጠጥ ነገር ሲነሳ የምንነጋገረው ስለ ባሎቻችንና ስለ ወንድሞቻችን ነው። ራሷ ስለምትጠጣ ሴት ግን እምብዛም አይነሳም። ወንድ ሲሰክር ሰው ያዝናል ወይም ይስቃል፤ ሴት ስትሰክር ግን በር ይዘጋል፣ ጉዳዩም የቤት ምስጢር ይሆናል። በዚህ እትም ያንን በር ስለከፈተች አንዲት አሜሪካዊት ልንጽፍ የወደድነው ለዚህ ነው።

ማርጋሬት ማን፣ ሁሉም በሚያውቃት ስሟ ማርቲ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 በቺካጎ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደች። በጥሩ ትምህርት ቤቶች ተማረች፣ ብዙ አገርም አየች። በልጅነቷ የሳንባ ነቀርሳ ይዟት ታክማ ድናለች። በሃያዎቹ ዕድሜዋ አገባች፤ ትዳሩ ግን ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። አባቷ ሲከስሩ የለመደችው ኑሮ ቀረና በራሷ ሥራ ማደር ጀመረች። ጎበዝ ሠራተኛ ነበረች። መጠጡም ያኔ ለጨዋታ ነበር፤ ብዙ ጠጥታ ባለመስከሯ ወዳጆቿ ያደንቋት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ለንደን ሄደች። እዚያ መጠጡ ከጨዋታ አልፎ ጌታዋ ሆነ። አንድ ቀን ከመስኮት ወድቃ ክፉኛ ተሰበረችና ለረጅም ጊዜ ሆስፒታል ተኛች። ወደ አገሯ ስትመለስ ገንዘብም ሥራም አልነበራትም። ከሐኪም ሐኪም ዞረች። በዚያን ጊዜ የመጠጥ ሱስ እንደ በሽታ ሳይሆን እንደ ጸባይ ብልሹነት ይታይ ስለነበር፣ ተቀብሎ የሚያክማት ማግኘት ከባድ ነበር። እሷም አእምሮዋን እየሳተች እንደሆነ ታስብ ነበር። በመጨረሻ በኮነቲከት ግዛት የሚገኝ ብላይዝዉድ የተባለ የሕክምና ተቋም ያለ ክፍያ ተቀበላት።

የሚከታተሏት ሐኪም ዶክተር ሃሪ ቲቦ እ.ኤ.አ. በ1939 መጀመሪያ ላይ ገና ያልታተመ መጽሐፍ ረቂቅ ሰጧት። ያዘጋጁት አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ወይም ኤ.ኤ. የሚባለው ማኅበር አባላት ነበሩ፤ ትርጉሙም ስማቸውን የማይገልጹ የአልኮል ሱሰኞች ማለት ነው። ማርቲ ስለ እግዚአብሔር የተጻፈው አላስደሰታትም፤ ከሐኪሙ ጋርም ተከራከረች። አንድ ነገር ግን ልቧን ነካው፦ ያለባት ነገር ሕመም እንደሆነና ከሱ የወጡ ሰዎች እንዳሉ አወቀች።

በሚያዝያ 1939 ወደ ኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ሄደች። ስብሰባው የሚደረገው በቢል ዊልሰንና በባለቤቱ በሎይስ መኖሪያ ቤት ነበር። ቢል መጠጥ ያቆመው በ1934 መጨረሻ ሲሆን፣ በሚቀጥለው ዓመት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ሆኖ ይህን መረዳጃ ጀመረ። የሚሰበሰቡት ከሞላ ጎደል ወንዶች ነበሩ። ማርቲ ካፖርት ወደሚቀመጥበት ፎቅ ወጥታ አልወርድም እንዳለችና ሎይስ እዚያው ድረስ ሄዳ ይዛት እንደወረደች ይነገራል። ታች ስትደርስ ሰዎቹ የየራሳቸውን ታሪክ ሲያወሩ የገዛ ታሪኳን ሰማች። አብሯት ለሚታከም ወዳጇም ከእንግዲህ ብቻቸውን እንዳልሆኑ ነገረችው።

ይህ ማለት በአንድ ምሽት ዳነች ማለት አይደለም። ወደ መጠጥ የተመለሰችባቸው ጊዜያት ነበሩ። ግን በወደቀች ቁጥር ወደ ስብሰባው ተመለሰች፤ ማንም አላባረራትም። በኤ.ኤ. ውስጥ ከዘለቁት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ሆነች።

በሂሳብ ሥራ ላይ ላለን ሰዎች የዚህ ማኅበር አሠራር ይገርመናል። ለአባልነት ክፍያ የለም፤ የሚፈለገው መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው። ለክፍሉ ኪራይና ለቡናው አባላት የቻሉትን ያዋጣሉ፤ ከውጭ እርዳታ አይቀበሉም። ማርቲ ግን ሌላ ሥራም እንደሚያስፈልግ አየች። እ.ኤ.አ. በ1944 በዬል ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ድጋፍ ስለ አልኮል ሱስ ሕዝብን የሚያስተምር ብሔራዊ ኮሚቴ አቋቋመች። ይህኛው በለጋሾች ገንዘብ የሚሠራ ነበር። ትምህርቷ ሦስት ነገር ነበር፦ ሱሰኛ ሕመምተኛ ነው፤ ሊረዳ ይችላል፣ መረዳትም ይገባዋል፤ ጉዳዩም የኅብረተሰቡ ሁሉ ኃላፊነት ነው። ሴት መሆኗን ሳትፈራ ሱሰኛ እንደነበረች በአደባባይ እየተናገረች ከከተማ ከተማ ዞረች። እ.ኤ.አ. በ1980 በ75 ዓመቷ አረፈች።

ከእኛ መካከል ጠላና አረቄ ሸጠው ልጆች ያሳደጉ እናቶች አሉ፤ መጠጥ ከደጃችን ሩቅ አይደለም። የቁጠባና ብድር መዝገባችን ክፍያ የዘገየበትን ቀን ይነግረናል፤ ምክንያቱን ግን አይነግረንም። አንዲት እህት ከስብሰባ ስትቀር፣ ከሰው ስትሸሽ፣ ቅጣት ከመጻፋችን በፊት ቤቷ እንሂድ። ለረጅም ጊዜ ብዙ የጠጣች ከሆነ በድንገት ማቆም አደጋ ስላለው መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም እናድርሳት። ከዚያም የምትሄድበት መረዳጃ ስታገኝ ብቻዋን አንስደዳት፤ በመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ አብረናት እንሂድ። ማርቲ መጽሐፉን አንብባለች፣ ሐኪምም መክሯታል፤ ያም ሆኖ ከፎቅ ለመውረድ ሎይስ ወደ እሷ መውጣት ነበረባት።