ኤስፊር ሹብ

ኤስፊር ኢሊኒችና ሹብ (ማርች 16 ቀን 1894 – ሴፕቴምበር 21 ቀን 1959 እ.ኤ.አ.) የሶቪየት ኅብረት የፊልም አዘጋጅና አርታኢ ነበረች። ይበልጥ የምትታወቀው ሌሎች ሰዎች ለሌላ ጉዳይ ያነሷቸውን ረጃጅም ቀረጻዎች እየመረጠች፣ እየቆረጠችና እየቀጠለች አዲስ ፊልም በመሥራት ነው። ከቆዩ ቀረጻዎች ተለቃቅሞ ለሚሠራው ዘጋቢ ፊልም ፈር ቀዳጅ ከሚባሉት አንዷ ናት። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያ ዘመን

የተወለደችው በሩሲያ ግዛት፣ በቸርኒጎቭ አውራጃ፣ በሱራዥ ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ነው። በሞስኮ ሥነ ጽሑፍ ተማረች። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በመንግሥት የቴአትር ክፍል ተቀጥራ ከታዋቂው የቴአትር አዘጋጅ ከቭሴቮሎድ ሜየርሆልድ ጋር ሠራች። ባለቅኔው ቭላዲሚር ማያኮቭስኪም ከሚያውቋት አንዱ ነበር።

በ1922 ጎስኪኖ ወደሚባለው የመንግሥት የፊልም ድርጅት ገባች። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የሚሠራው ፊልም ጥቂት ስለነበር ሲኒማ ቤቶቹ በአብዛኛው የውጭ ፊልም ያሳዩ ነበር። ፊልሙ ግን እንዳለ አይታይም፤ ለአዲሱ ሥርዓት አይስማማም የተባለው ትዕይንት ይወጣል፣ ቅደም ተከተሉ ይለወጣል፣ በምስሎቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍም እንደገና ይጻፋል። ድምፅ በሌለው ፊልም ጽሑፉን መቀየር ብቻ እንኳ የታሪኩን ትርጉም ሊገለብጠው ይችላል። የሹብ ሥራ ይህ ነበር። በእጇ ያለፉት የውጭ ፊልሞች ወደ 200 እንደሚደርሱ ይነገራል።

ከእነዚህ አንዱ ጀርመናዊው ፍሪትስ ላንግ በ1922 ያወጣው ባለ ሁለት ክፍሉ ዶክተር ማቡዘ ነው። ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን ይህን ፊልም በ1924 አሳጥራ አንድ ፊልም ስታደርገው፣ ያኔ ለሲኒማ አዲስ የነበረው ሰርጌይ አይዘንሽታይን አብሯት ተቀምጦ ነበር። በኋላ በሞንታዥ ስሙ የገነነው አይዘንሽታይን በእሷ ጠረጴዛ ላይ የፊልምን አቆራረጥ ተምሯል።

የሮማኖቭ ሥርወ መንግሥት ውድቀት

በ1926 ሹብ ለየካቲት አብዮት አሥረኛ ዓመት የሚሆን ፊልም ከቆዩ የዜና ቀረጻዎች ለመሥራት አሰበች። ቀረጻዎቹን ፍለጋ ወደ ሌኒንግራድ ሄደች። ብዙዎቹ በእርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ተከማችተው የተበላሹ ነበሩ። ከተገኙት መካከል ዳግማዊ ንጉሥ ኒኮላስ ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው ያስነሷቸው ፊልሞች ይገኙበታል።

በሁለት ወር ውስጥ 60,000 ሜትር ፊልም ተመለከተች፤ ከዚያ ውስጥ 5,200 ሜትር መርጣ ወደ ሞስኮ ወሰደች። ይህ ቁጥር እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የዘመኑ ካሜራ በሴኮንድ 16 ምስል ያህል ያነሣ ስለነበር፣ 60,000 ሜትር ያለ ዕረፍት ቢታይ ከ50 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የተመረጠው ወደ አምስት ሰዓት የሚጠጋ ሲሆን፣ ያለቀው ፊልም ደግሞ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሥራው በመቀስና በማጣበቂያ የሚሠራ ስለሆነ የእያንዳንዱ ቁራጭ ቦታ መታወስ ነበረበት። ያልተገኘውን ለመሙላት የዘመኑን ጋዜጦችና ሰነዶች አስነሥታ ጨመረችበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ትዕይንት አጭር ነው። በመርከብ ላይ መኳንንትና ወይዛዝርት ማዙርካ ሲጨፍሩና ደክሟቸው ላባቸውን ሲጠርጉ ይታያል። ወዲያው ተከትሎ መሬት የሚቆፍሩ ገበሬዎች ይመጣሉ። ሁለቱ ቀረጻዎች መጀመሪያ አንዳች ግንኙነት አልነበራቸውም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን ለመዝናኛ የተነሣው ፊልም በባለቤቶቹ ላይ መስካሪ ሆነ።

በዘመኑ የነበረው ዚጋ ቬርቶቭ ምስሎችን በጣም እያጫጨረና እያፈጠነ ይቀጥል ነበር። ሹብ ግን ተመልካቹ ፊትን፣ ልብስንና አካሄድን አይቶ የራሱን ፍርድ እንዲሰጥ ቁራጩን ረዘም አድርጋ ትተወዋለች። ይህ ማለት ፊልሙ ገለልተኛ ነው ማለት አይደለም። የተሠራው የአብዮቱን መንግሥት ትክክለኛነት ለማሳየት ነው፤ ምርጫው፣ ቅደም ተከተሉና ጽሑፉ ሁሉ ወደዚያው ያመራሉ። ምስሎቹ እውነተኛ መሆናቸው ይህን አይለውጠውም።

የደራሲነት ክርክር

ፊልሙ በ1927 ወጥቶ ተወደደ። ይሁን እንጂ ሶቭኪኖ የተባለው የፊልም ድርጅት የሹብን የደራሲነት መብት ሊቀበል አልፈለገም። ካሜራውን የያዙት ሌሎች ከሆኑ፣ የቆረጠና የቀጠለ ሰው የፊልሙ ባለቤት ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ነበር። ማያኮቭስኪ በአደባባይ ተሟገተላት፤ አያያዙም አሳፋሪ እንደሆነ ተናገረ። በዛሬ ዓይን ሲታይ የድርጅቱ አቋም ደካማ ነው፤ እነዚያ ቆርቆሮዎች ለዓመታት ምድር ቤት ውስጥ ሲቀመጡ ፊልም ብሎ የጠራቸው አልነበረም።

ቀጣይ ሥራዎች

በዚያው ዓመት ስለ አብዮቱ አሥር ዓመታት የሚተርከውን ታላቁ መንገድ አወጣች። ለዚህ ፊልም ሌኒን የሚታይባቸው ቀረጻዎች ከአሜሪካ ድረስ ተፈልገው ተገዝተዋል። በ1928 የሊዮ ቶልስቶይን መቶኛ የልደት ዓመት ምክንያት በማድረግ የዳግማዊ ኒኮላስና የሊዮ ቶልስቶይ ሩሲያ የተባለውን ሠራች። ቶልስቶይን የሚያሳየው ቀረጻ እጅግ ጥቂት ስለነበር ፊልሙን በኖረበት ዘመን ዙሪያ አዋቀረችው።

ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ መንገዷን ለወጠች። በ1932 ስለ አገሪቱ የኤሌክትሪክ ግንባታ በሠራችው ፊልም የፋብሪካ ድምፅ በቦታው ተቀዳ፤ መብራት ዓይናቸውን የወጋቸውና ንግግራቸው የተደናቀፈባቸው ሰዎችም ሳይቆረጡ ቀሩ። ስለ ሴቶች ሕይወት ያዘጋጀችው ጽሑፍ ግን ፊልም ሳይሆን ቀርቷል።

በ1939 ሮማን ካርመንና ቦሪስ ማካሴዬቭ በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ካነሡት ቀረጻ ስፔን የተባለውን ፊልም አቀናበረች፤ ትረካውን የጻፈው ቭሴቮሎድ ቪሽኔቭስኪ ነው። በ1940 ከፑዶቭኪን ጋር ሆና የሶቪየት ሲኒማን 20 ዓመት በአንድ ፊልም አሳየች። በ1930ዎቹ በሞስኮ የፊልም ትምህርት ቤት በአይዘንሽታይን ክፍል ሞንታዥ አስተምራለች፤ በአንድ ወቅት ከጠረጴዛዋ አጠገብ ተቀምጦ ይማር የነበረው ሰው አሁን የክፍሉ ኃላፊ ነበር። ከ1942 ጀምሮ የዜና ፊልም አርታኢ ሆና ሠራች።

የሥራ ትዝታዎቿን የያዘው መጽሐፏ በ1959 ታተመ። በዚያው ዓመት በሞስኮ አረፈች።