ቁጣውን ያሸነፈ ሰው፤ የቦቢ ጆንስ ታሪክ

ልጆች ሆይ፤ እናንተ በገና ሰሞን በሜዳ ላይ ሩርን በዱላ መምታት ታውቃላችሁ። በስኮትላንድ አገርም ሰዎች ከጥንት ጀምሮ የሚጫወቱት ጎልፍ የሚባል የዱላ ጨዋታ አለ። በጎልፍ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ትንሽ ኳስ አለችው። ይህችን ኳስ ከሩቅ እየመታ በሣር መካከል በተቈፈረች ጠባብ ጕድጓድ ውስጥ ያገባታል። ጕድጓዶቹ 18 ናቸው፤ ሁሉንም በጥቂት ምት የጨረሰ እርሱ አሸናፊ ይባላል።

በገና ጨዋታ ባላጋራ ሩሩን ይነጥቃችኋል። በጎልፍ ግን ኳሷን የሚነካባችሁ ማንም የለም፤ እርሷም ቆማ ትጠብቃለች። ስለዚህ ምቱ ቢበላሽ ጥፋቱ የመችው ነው እንጂ የሌላ አይደለም። ይህ ነገር ጨዋታውን ቀላል ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ሰው ከገዛ ራሱ ጋር የሚታገልበት ስለ ሆነ እጅግ ከባድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምታነቡት በዚህ ትግል ብዙ ዘመን ተሸንፎ በኋላ ስላሸነፈ ሰው ነው። ዘመናቱም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ቦቢ ጆንስ ማርች 17 ቀን 1902 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በጆርጅያ ክፍል፥ በአትላንታ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበረ። ልጁ ከሕፃንነቱ ደካማና በሽተኛ ስለ ነበረ፥ እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ጠንካራ ምግብ ሆዱ አይቀበልለትም ነበር። ወላጆቹም አየር ይለውጥ ብለው በበጋ ወራት ከከተማው ውጭ፥ ኢስት ሌክ በሚባለው የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ቤት ያዙ።

በ1908 ስቱዋርት ሜይደን የሚባል ሰው ከስኮትላንድ፥ ካርኑስቲ ከምትባል ከተማ መጥቶ የዚያ ሜዳ አስተማሪ ሆነ። ሜይደን ቁመቱ አጭር፥ ንግግሩም ጥቂት ነበረ። ትንሹ ቦቢ ከኋላ ከኋላው እየተከተለ እንዴት እንደሚመታ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ከዚያም ወደ ቤቱ ተመልሶ ያየውን ብቻውን ይደግም ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም፤ ዓይኑ ተማሪ ሆነ። ከጊዜም በኋላ አመታቱ የሜይደንን አመታት እጅግ ስለ መሰለ፥ ከሩቅ የሚያዩት ሰዎች ልጁን አስተማሪው ነው ብለው ይሳሳቱ ነበር።

ከሜይደን ያገኘው አመታት ይህ ነበር። ዱላውን ሳያጠብቅ በጣቶቹ ይይዛል። እግሮቹን አቀራርቦ ይቆማል። ወገቡንና ትከሻውን አዙሮ ዱላውን ያለ ችኰላ ወደ ኋላ ያነሣል። ዱላው ሲወርድ ግን አስቀድሞ የሚዞረው ወገብ ነው፤ እጅ ወገብን ይከተላል። ምክንያቱም ይህ ነው፤ እጅ ከቸኰለ ዱላው ከመንገዱ ወጥቶ ኳሷን በአግድም ይገጫታል፥ ኳሷም ጠምዘዝ ብላ ትሄዳለች። ወገብ ከቀደመ ግን የእግርና የጀርባ ኃይል ሁሉ ወደ ዱላው ያልፋል። ስለዚህ ቦቢ የሚመታው በዝግታ እየመሰለ፥ ኳሷ ግን እጅግ ርቃ ትሄድ ነበር።

አመታቱ በተበላሸበትም ጊዜ ሜይደን ብዙ አይናገርም ነበር። ጥቂት ጊዜ ያየዋል፤ እግሩን ወይም ትከሻውን በትንሹ ያስተካክልለታል፤ በርትቶ እንዲመታ ነግሮት ይሄዳል። ይህ ሰው ጥበበኛ አስተማሪ ነበረ። ዱላው ከላይ ወደ ኳሷ የሚወርድበት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ እምብዛም አይበልጥምና፥ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ትእዛዝ የሚያስብ ሰው አንዱንም ሊፈጽም አይችልም።

በ1913 ሃሪ ቫርደንና ቴድ ሬይ የሚባሉ ሁለት ታላላቅ ተጫዋቾች ከእንግሊዝ አገር መጥተው በኢስት ሌክ ተጫወቱ። ቦቢ ያን ጊዜ 11 ዓመቱ ነበረ። ሬይ በታላቅ ኃይል እየመታ ሕዝቡን ያስደንቅ ነበር። ቫርደን ግን ምቱ ቢያምርም ባያምርም ፊቱ ሳይለወጥ ወደሚቀጥለው ምት ይሄድ ነበር። ልጁ ይህን አየ፤ ነገር ግን ትርጓሜውን ገና አላወቀም።

በ1916፥ በ14 ዓመቱ፥ የጆርጅያን ውድድር አሸነፈ፤ በዚያው ዓመት በፊላዴልፍያ አጠገብ በሜርዮን ወደ ተደረገው ያገር ሁሉ ውድድር ሄደ። ሰው ሁሉ በልጁ አመታት ተደነቀ። ቍጣው ግን እንደ አመታቱ ትልቅ ነበረ። ምት በተበላሸበት ጊዜ ይሳደባል፥ ዱላውንም ይወረውራል። ከዚያም ሰባት ዓመት ያህል አለፈ፤ በአመታት የሚተካከለው ጥቂት ሆኖ ሳለ፥ ከታላላቆቹ ውድድሮች አንዱንም አላሸነፈም።

በ1921 ወደ ስኮትላንድ፥ ጎልፍ ከጥንት ጀምሮ ወደሚከበርባት ወደ ሴንት አንድሩስ ከተማ ሄደ። በሦስተኛው ዙር ነገሩ ተበላሸበት። በ11ኛው ጕድጓድ ኳሷ አሸዋ ውስጥ ገባች፤ ደጋግሞ ቢመታ እንደ ልቡ አልወጣችለትም። ያን ጊዜ ተቈጥቶ ኳሷን አነሣና ውድድሩን ተወ። በዚያው ዓመት በአገሩ ሲጫወት የወረወረው ዱላ የተመልካች እግር መታ። የጎልፍ ማኅበር አለቃም፥ ቍጣውን ካልገዛ ዳግመኛ በማኅበሩ ውድድር እንደማይጫወት በደብዳቤ አስጠነቀቀው።

ቦቢ በዚህ እጅግ አፈረ፤ ልቡንም መረመረ። ክንዱ ከተማረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ያልተማረው ልቡ ነው። እንግዲህ ቫርደንን አስታወሰ። በጎልፍ ለእያንዳንዱ ጕድጓድ ፓር የሚባል የምት ልክ አለ፤ መልካም ተጫዋች ይጨርስበታል ተብሎ የተወሰነ ነው። ቦቢ ከዚያ በኋላ ባላጋራውን ማየት ትቶ ከዚህ ልክ ጋር ብቻ መጫወት ጀመረ። ፓር አይቈጣም፥ አይፈራም፥ አይመካምም። ደግሞም ሁሉ ምት ፍጹም ይሁን ማለትን ተወ፤ በአንድ ቀን እንደ ልብ የሚሆኑ ምቶች ጥቂት እንደ ሆኑ ተረዳና፥ የተበላሸውን በሚቀጥለው ማቃናትን ተማረ። ቍጣውና ፍርሃቱ ከውስጡ ፈጽመው አልጠፉም። በውድድር ሰሞን ምግብ አልበላ እያለው ሰውነቱ ይከሳ ነበር፤ ነገር ግን በፊቱ ላይ አይታይበትም ነበር።

በ1923 በኒው ዮርክ አጠገብ በኢንዉድ በተደረገው ታላቅ ውድድር መጀመሪያ እየመራ ሳለ፥ በመጨረሻዎቹ ጕድጓዶች ተሳሳተና ከቦቢ ክሩክሻንክ ጋር እኩል ሆነ። የቀድሞው ቦቢ ቢሆን ኖሮ ዱላውን በወረወረ ነበር። አሁን ግን ዝም ብሎ ለማግሥቱ ግጥሚያ ተሰናዳ። በማግሥቱም እስከ 17ኛው ጕድጓድ ድረስ እኩል ነበሩ። በ18ኛው ከፊቱ ውኃ ነበረ፤ ቦቢ ሳይዘገይ መታ፤ ኳሷም ውኃውን ተሻግራ ከጕድጓዱ አጠገብ አረፈች። እርሱ በ76፥ ክሩክሻንክ በ78 ምት ጨረሱ። ሜይደንም በሕዝቡ መካከል ቆሞ የተማሪውን ድል አየ።

በ1925 ደግሞ በዉስተር ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ሆነ። ኳሱ በረጅም ሣር ውስጥ ሳለች ሊመታት ሲሰናዳ ትንሽ ተነቃነቀች። ሌላ ማንም አላየም። ያን ጊዜ የነበረው ሕግ ግን ይህን እንደ አንድ ምት ይቈጥረው ነበር። ቦቢ ራሱ ለዳኞቹ ነገራቸው፤ እነርሱም ሌላ ያየ ሰው ስላላገኙ ፍርዱን ለእርሱ ተዉለት። እርሱም በራሱ ላይ ፈርዶ አንድ ምት ጨመረ። ውድድሩ ሲያልቅ ከዊሊ ማክፋርሌን ጋር እኩል ሆነ፤ በተደረገውም ግጥሚያ በአንድ ምት ተሸነፈ። ያችን አንዲት ምት ባይናገር ኖሮ፥ ግጥሚያ ሳያስፈልግ አሸናፊ በሆነ ነበር። ሰዎች ሲያመሰግኑት ምስጋናውን አልተቀበለም፤ ሰው ስላልሰረቀ ሊመሰገን አይገባውም ብሎ ያምን ነበርና።

በ1927 ተቈጥቶ ወደ ወጣባት ወደ ሴንት አንድሩስ ተመለሰ። በዚያው ሜዳ በ285 ምት አሸነፈ፤ ሕዝቡም በትከሻው ተሸከመው። እርሱም ዋንጫውን ወደ አገሩ አልወሰደም፤ በዚያው በከተማይቱ የጎልፍ ማኅበር ዘንድ እንዲቀመጥ ለመነ። በ1930 በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱን ታላላቅ ውድድሮች፥ ሁለቱን በእንግሊዞች ግዛት፥ ሁለቱን በአሜሪካ፥ አሸነፈ። ከዚህ በኋላ በ28 ዓመቱ ታላላቆቹን ውድድሮች ተወ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለገንዘብ አልተጫወተም፤ በጨዋታው እንጀራቸውን ከሚበሉት ጋር ተጋጥሞ ያሸንፋቸው ነበር፤ የእርሱ ሥራ ግን እንደ አባቱ ጥብቅና ነበረ።

በ1931 አመታቱን ለሌሎች የሚያስተምርባቸው አጫጭር ፊልሞች ተሠሩ። ከባልንጀሮቹም ጋር በኦጋስታ ከተማ የጎልፍ ሜዳ አቋቋመ፤ በ1934 በዚያ የመጀመሪያው ውድድር ተደረገ። በ1948 ግን በአከርካሪው ውስጥ ጽኑ በሽታ ያዘው። መጀመሪያ በምርኩዝ፥ በኋላም በመንኰራኵር ወንበር ሆነ። ያ ያማረ አመታት የነበረው ሰው እጆቹ ብዕር ለመያዝ እስኪቸገሩ ድረስ ደከሙ። በወጣትነቱ ስለ አንዲት ኳስ ዱላ የወረወረው፥ አሁን ስለዚህ ሁሉ አላጕረመረመም። በ1958 የሴንት አንድሩስ ሰዎች የከተማቸውን ዜግነት ክብር ሰጡት፤ ከእርሱ አስቀድሞ ይህን ያገኘ አሜሪካዊ በ1759 ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነበረ። ዲሴምበር 18 ቀን 1971 በአትላንታ ሞተ።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፤ ቦቢ ጆንስ ዱላ መምታትን በልጅነቱ ተማረ፤ ራሱን መግዛትን ግን ብዙ ዓመት ደክሞ አገኘ። እናንተም ፊደል ስትጽፉ እጃችሁ ቢሳሳት፥ ቍጥር ስትደምሩ ቢጠፋባችሁ፥ ሰሌዳውን አትወርውሩ። የተሳሳተውን ደምስሱና በዝግታ እንደ ገና ጻፉ። ማንም ያላየው ስሕተት ቢኖርባችሁም ለመምህራችሁ ራሳችሁ ንገሩ።